ሸንተረሩና የኋላ ጎማ መቆለፊያ

ወንድሟ ለሽቦ የሚላት ይህን ነው። አባታቸው ከሸንተረሩ የወደቀው የኋላ ጎማዎቹን እኩል እንዲዞሩ ሳይቆልፍ ዳገቱን ስለሞከረ ነው። አስከሬኑን ለማውጣት በገመድ ገደሉን የወረደው እሱ ራሱ ነበር፤ የተጨራመተውን መኪና በገዛ ዓይኑ አይቷል፤ የመቆለፊያው ማብሪያ ጠፍቶ ነው ያገኘው። ቆልፎ ቢሆን ኖሮ አባታቸው ዛሬም ጋራዡ ውስጥ ይሳደብ ነበር።

አባ ጎዳና የሚባሉት መንገድ መሪ የሚሉት ደግሞ ሌላ ነው። ያን ቀን ከሟቹ ጎን ተቀምጠው ነበር፤ የተረፉት መኪናው ሲንሸራተት በሩን ከፍተው ስለዘለሉ ነው። ዳገቱን ሲጀምሩ የመቆለፊያው አረንጓዴ መብራት በርቶ ነበር፤ አይተውታል። ወዳጃቸውን የገደለው መቆለፊያው ነው፤ የተቆለፉት ጎማዎች እርጥብ ዓለት ላይ በጎን ተንሸራተው ገደል ከተቱት። መቆለፊያውን የገጠመው ደግሞ የሟቹ ልጅ ነው።

ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል ማለት ነው። አለዚያም፣ ወንድሟ እንደሚፈራው፣ የእጁ ሥራ አባቱን በልቷል። ዓመት ሙሉ ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት አልተነጋገሩም። እህቲቱ በመካከላቸው ቆማ የአንዱን ቃል ለሌላው ስታቀብል ከረመች።

ቀጭን ስለሆነች ወንድሟ ሽቦ እያለ ይጠራታል። አሁን ያንን ሸንተረር የምታቋርጠው እሷ ናት። ከማዶ ባለው የድንጋይ ጠራቢዎች ሰፈር ዝናብ ሲጀምር እባቦች ከየስንጥቁ ይወጣሉ። የሰፈሩ ነርስ በሬዲዮ መልእክት ልካለች፤ የመርዝ ማርከሻው አልቋል፣ አንድ ሰው ቀብረናል፣ ማርከሻ በረዶ ሳጥን ውስጥ አድርጋችሁ ድረሱልን። አባትየው በሕይወት ሳለ መድኃኒቱን ያመላልስ የነበረው እሱ ነበር። ከእሱ በኋላ ከአንድ የድንጋይ ጫኝ በቀር ማንም አልደፈረም፤ እሱም የሰው ጉዳይ አይነካውም።

ጋራዡ ውስጥ፣ በዘይት በጠቆረው የሥራ ጠረጴዛ ላይ፣ ሁለት ዓይነት መቆለፊያ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከአጠገባቸው ትንሿ መኪና በክሪክ ተነስታ የኋላ ሆዷን ከፍታ ቆማለች። አጭርና ባለሁለት በር ስለሆነች ስሟ ጥጃዋ ነው።

«ራሱን የሚቆልፈውን ልግጠምልሽ» አለ ወንድሟ። «ማብሪያ የለው፣ መርሳት የለው። ነዳጅ ስትሰጪ ይቆልፋል፤ በረድ ስታደርጊ ይፈታል።»

«ምንም አይገጠምባት» አሉ አባ ጎዳና ከበሩ ሆነው።

«ለሰውየው ንገሪልኝ» አለ ወንድሟ ቀና ሳይል። «መቆለፊያ የሌለው ዲፈረንሻል አድርባይ ነው በያቸው። አንዱ ጎማ መሬት ነክሶ ሲታገል፣ ሌላው አየር ላይ ሲንሳፈፍ፣ የሞተሩን ጉልበት ሁሉ ለሚንሳፈፈው ያስረክባል። የሚሠራው ቆሞ ይቀራል።»

«ለወንድምሽ ንገሪው» አሉ እሳቸውም። «አድርባይ ሰው አይገድልም በዪው። የሚገድል ግትር ነው።»

ሽቦ ሁለቱንም አዳመጠች። በከፊል ብቻ የሚይዝ ሦስተኛ ዓይነት እንዳለም ታውቃለች፤ ለአስፋልትና ለቀላል ጭቃ ደህና ነው፤ አንድ ጎማ ጨርሶ ሲንጠለጠል ግን እጁን ያጣጥፋል። ከጠረጴዛው ላይ በአየር ግፊት የሚሠራውን፣ በማብሪያ የሚቆለፍና የሚፈታውን አነሳች። የአባቷ ዓይነት ነው።

«ይኼ ነው የሚገጠመው። ሁለታችሁም ትመጣላችሁ። የምትሉትን በዓይኔ ካየሁ በኋላ እፈርዳለሁ።»

ወንድሟ በማብሪያ የሚሠራውን ገጠመላት። ራሱን የሚቆልፈውን ግን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ከኋላ ወንበር ስር ወሸቀው።

ሲወጡ ግድግዳው ላይ በቀለም የተጻፈውን የአባታቸውን ሕግ ማንም አላየውም፤ ዓይናቸው ከለመደው ቆይቷል። «ከመኪና የሚወጣ እጅ ሁሉን ያጥፋ» ይላል። ድሮ አንድ ማብሪያ ሳይጠፋ አድሮ የሰው መኪና ተቃጥሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ አባትየው የልጆቹን ጣት በመፍቻ እጀታ እየመታ ሕጉን አስተማራቸው።

ጎህ ሲቀድ ተነሱ። ወንድሟ ከፊት ተቀመጠ። አባ ጎዳና የታመመ ጉልበታቸውን አጥፈው ከበረዶው ሳጥን ጋር ከኋላ ታጨቁ።

በረሃው መጀመሪያ በዝምታ ተቀበላቸው። ቀትር ላይ ግን ከወደ ምዕራብ ቀይ ግድግዳ ተነሳ። ነፋሱ አሸዋውን እያፈሰ መስታወቱን ገረፈው፤ የመኪናዋ አፍንጫ እንኳ ጠፋ። ሽቦ ሞተሩን አጠፋች፤ ሦስቱም ጨርቅ አፋቸው ላይ አስረው አቀርቅረው ቆዩ። ነፋሱ ሲያልፍ ጥጃዋ እስከ ሆዷ ተቀብራ ነበር። በአካፋ ቆፈሩ። ሽቦ ተመልሳ ገባች፣ የመቆለፊያውን ማብሪያ ተጫነች፤ አረንጓዴዋ መብራት በራች፣ ከኋላ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ፣ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እንደ አንድ እግር አሸዋውን ረግጠው አወጧቸው።

«አየሽ?» አለ ወንድሟ።

«አሸዋ ገደል የለውም» አሉ አባ ጎዳና ከኋላ፣ ለማንም እንዳልተናገሩ ሁሉ።

ወንዙ ጋ የደረሱት ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው። ውኃው ደፍርሶ ሰፍቷል፤ ዳርና ዳሩን ከሰው ቁመት የሚበልጥ ደንገል ሸፍኖታል። መሻገሪያውን አባ ጎዳና በጣታቸው አሳዩ። መሐል ላይ የግራው የኋላ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ገባ፣ የቀኙ ተንጠለጠለ። በዚያው ቅጽበት ደንገሉ ተሰነጠቀና ጉማሬ ወጣ፤ አፉን ከፍቶ ውኃውን እየቀደደ መጣባቸው።

«ቆልፊ!» አለ ወንድሟ።

ቆለፈች። ጥጃዋ ተንቀጠቀጠች፣ አጓራች፣ ከጉድጓዱ ዘላ ወጣች። የጉማሬው ጥርስ የኋላውን መከላከያ ጠርምሶ ቀረ። ማዶ ሲደርሱ አባ ጎዳና ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ለወንድምሽ ንገሪው» አሉ፤ «እዚህስ ጥሩ ሠርቷል።» ወንድሟ ሰምቷል። ፊቱን ግን አላዞረም።

በማግስቱ ሸንተረሩ ስር ቆሙ። ካፊያ ይጥላል። መንገዱ ከዓለት የተፈለፈለ ጠባብ ደረጃ ይመስላል፤ በአንድ ወገን ግድግዳ፣ በሌላው ባዶ። ከሩቅ፣ ከታች፣ የዛገ ብረት ይታያል። የአባታቸው መኪና ነው።

ሽቦ ማብሪያውን ተጫነች። አረንጓዴዋ በራች። «በርቷል» አለች።

«ያን ቀንም በርቶ ነበር» አሉ አባ ጎዳና።

ጥጃዋ እርከን በእርከን ወጣች። አጋማሽ ላይ ሽቦ በድንገት ፍሬን ያዘች። ከላይ የተጠረበ ድንጋይ የጫነ ትልቅ መኪና ቁልቁል እየመጣ ነው። ባለቤቱ ግስላ የሚሉት ሰው ነው፤ አባትየው ከሞተ ወዲህ መንገዱን የግሉ አድርጎታል። መለከቱን ነፋ፤ አልበቃ ብሎት አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ጥጃሽን ይዘሽ ወደ እናቷ ተመለሽ! ይኼ የትላልቆች መንገድ ነው!»

ሽቦ የእጅ ፍሬኑን ስባ፣ ወርዳ በዝናቡ ወደ እሱ ወጣች።

«ማርከሻ ነው የያዝነው» አለችው። «በረዶው እየቀለጠ ነው።»

«እኔ ምን አገባኝ?»

«ይኼን ድንጋይ ማን ጫነልህ? ሰዎቹ በእባብ ካለቁ በሚቀጥለው ማን ይጭንልሃል? ጥፍርህ ነው የሚጭነው፣ ግስላ?»

ሰውየው ፊቱ ተኮማተረ። መኪናውን ቀስ በቀስ ወደ ግድግዳው አስጠጋ። ለጥጃዋ የተረፈው የገደሉ ወገን ነው፤ ከራሷ ስፋት አንድ ጫማ ቢበልጥ ነው።

«ካማረሽ በጎኔ እለፊ» አለ። «አባትሽም ትዕቢተኛ ነበር።»

ተመልሳ ገባች፣ ሞተሩን አስነሳች፣ ነዳጅ ሰጠች። ጥጃዋ አንድ ክንድ ወጣችና ቆመች። የቀኙ የኋላ ጎማ ልል ጠጠር ላይ ብቻውን ይሽከረከር ጀመር፤ ጠጠሩ ገደሉ ውስጥ ሲዘንብ ይሰማል። መኪናዋ ወደ ኋላ፣ ከዚያም ወደ ጎን፣ ወደ ባዶው ተሳበች። ሽቦ ነዳጅ ጨመረች። ይበልጥ ተንሸራተተች።

አባ ጎዳና በሁለቱ ወንበሮች መካከል አንገታቸውን አስግገው ጮኹ።

«መብራቱ! ልጄ፣ መብራቱ ጠፍቷል!»

እውነትም ጨለማ ነው። እግሯን ከነዳጁ አነሳች፣ ፍሬኑን በሙሉ ክብደቷ ረገጠች። ጎማው መሽከርከሩን እስኪያቆም ጠበቀች፤ ያቺ ቅጽበት ከበረሃው ሁሉ ረዘመች። ማብሪያውን ተጫነች። ቀጭ። አረንጓዴ። ፍሬኑን ቀስ አድርጋ ለቀቀች፤ ጥጃዋ ዓለቱን ነክሳ ወጣች። የግስላን መኪና ጎን በመስታወቷ እየላሰች አለፈች።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ገደሉ ያዘነበለ ለስላሳ ጠፍጣፋ ዓለት ነው። የተቆለፉት ጎማዎች እኩል እየዞሩ የመኪናዋን ጅራት በቀስታ ወደ ዳር ይገፉት ጀመር።

«አሁን አጥፊው!» አሉ አባ ጎዳና።

«እንዳታጠፊ!» አለ ወንድሟ።

ሽቦ የመኪናዋ ጅራት ሲሄድ በወገቧ ተሰማት። አጠፋችው። ጎማዎቹ ተፈቱ፣ ጥጃዋ ቀጥ አለች፣ እንደ ኤሊ እየተሳበች ጠፍጣፋውን ጨረሰች። እርከኑ ሲጀምር እንደገና ቆለፈች፤ ሸንተረሩ አናት ላይ ወጡ።

«ከግስላ ጋር ስትጨቃጨቂ ለምን አጠፋሽው?» አለ ወንድሟ።

«አላጠፋሁትም።»

«ጠፍቶ ነበር እኮ!»

ሽቦ የእጅ ፍሬኑን ሳበች። ለመውረድ ብላ ቀኝ እጇን ዘረጋች፤ እጇ እንደ ዘወትሩ ሄደ። ሞተር፣ የመስታወት መጥረጊያ፣ ማራገቢያ፣ መቆለፊያ፤ በአንድ ጥርጊያ ሁሉንም አጥፍቶ ተመለሰ። አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች። ሦስቱም ያንን እጅ አዩት። እሷ ራሷ የሌላ ሰው እጅ ያየች ይመስል ደነገጠች።

«አባ ጎዳና» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያን ቀን አባባ ከመኪናው ወርዶ ነበር?»

«ወርዶ ነበር እንጂ። መንገዱን የዘጋ ድንጋይ ነበር። ‹አንተ ጉልበትህን ታመሃል፣ ተቀመጥ› አለኝና ብቻውን ወርዶ አንከባለለው። ተመልሶ ሞተሩን አስነሳና…» የጠፋችውን መብራት አዩ።

«ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ? ‹መብራቱ በርቶ ነበር ወይ› አላችሁኝ፣ በርቶ ነበር አልኩ። ድንጋይ ማንሳት ምን ወሬ አለው?»

ወንድሟ በሩን ከፍቶ ወረደ። ገደሉ አፍ ላይ ቆሞ ታች ያለውን ዝገት በዝናቡ ውስጥ ረጅም ጊዜ አየ። ሲመለስ ወደ ፊት ወንበሩ አልሄደም፤ በኋላው መስኮት አጎነበሰ።

«አባ ጎዳና» አለ። እህቱን «ንገሪልኝ» አላላትም። «ዋሽተዋል ብዬ ነበር።»

«እኔም የእጅህ ሥራ ገደለው ብዬ ነበር፣ ልጄ።»

ሽቦ መሪው ላይ ግንባሯን ደፍታ ቆየች። አባቷን ያጠፋው ራሱ በመፍቻ እጀታ እየመታ ያስተማራቸው ጥንቃቄ ነበር፤ እሷንም ዛሬ ሊያስከትላት ምንም አልቀረውም።

ሰፈሩ ሲደርሱ ነርሷ እየሮጠች ወጣች። ሳጥኑን ከፍታ እጇን ሰደደች፤ ጥግ ላይ የአውራ ጣት ያህል በረዶ ቀርቷል። «ደርሷል!» ብላ አንዱን ብልቃጥ ይዛ ወደ ውስጥ ሮጠች፤ እግሩ ያበጠ ድንጋይ ጠራቢ አልጋ ላይ እየጠበቀ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሰውየው ውኃ ጠይቆ ጠጣ። ወንድሟ ግቢው ውስጥ ከረጢቱን ፈታ፤ ራሱን የሚቆልፈውን መቆለፊያ አውጥቶ ከጥጃዋ አጠገብ አስቀመጠ። ክሪኩንም አመጣ።

«መመለሻው ያው ሸንተረር ነው» አለ። «ይኼ አይረሳም። እፈርዳለሁ ብለሽ ነበር፤ ፍረጂ።»

አባ ጎዳና ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ሽቦ ዞሩ። ሽቦ ወንዙን አሰበች፤ ያዘነበለውን ዓለት አሰበች፤ እዚያ ላይ እምቢ ብሎ የሚቆልፍ ነገር ቢኖራት ኖሮ ሦስቱም ዝገቱ አጠገብ በተኙ ነበር። ከዚያ ቀኝ እጇን አየችው።

«ወንድምጋሼ፣ ክሪኩን መልሰው» አለች። «ማብሪያ ያለው ይቆያል። የአባባን ሕግ አልሽረውም፣ ግማሹ ግን ጎድሎታል፤ ቤት ስንገባ ከሥሩ ‹ተመልሶ የሚገባ እጅ ሳይጠይቅ አይንዳ› ብለህ ትጽፍልኛለህ። አሁን አንተ ከኋላ ትቀመጣለህ። ከፊት የሚቀመጡት አባ ጎዳና ናቸው፤ መብራቱን አይተው ‹በርቷል› ወይም ‹ጠፍቷል› ሳይሉኝ ጥጃዋን ከቆመችበት አላንቀሳቅሳትም።»