ሰማያዊው ክር

ያየሁትን ነው የምጽፈው። የማያምን አይመን፤ እኔም ባላምን ደስ ይለኝ ነበር።

ጨለማ ምናምን ደግሞ አትጠብቁ። ሁሉም በጠራራ ፀሐይ የሆነ ነው። ዋናው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተሩብ ላይ፣ ኡራኤል አካባቢ ባለችው የልብስ ስፌት ሱቄ ውስጥ...

ማዕዛ እባላለሁ። ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። በእድራችን ሴት ስትሞት ከሚገንዙት አንዷ ነኝ። እናቴ ገናዥ ነበረች፤ እሷ ስታርፍ ሥራው ለኔ ቀረ።

ባለፈው ጥቅምት ጎረቤቴ ደሊና ሞተች። የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት።

ባሏ ተስፋለም "ልቧ ነው... ተኝታ ቀረች" አለ።

ተስፋለምን ሰፈሩ ይወደዋል። ልቅሶ ቤት ድንኳን ተካዩ እሱ ነው። አሮጊት ካየ ዘንቢሏን ተቀብሎ ይሸከማል። የድሮ ሱቄ ፈርሶ ስንከራተትም "ማዕዚ፣ አንቺማ እህቴ ነሽ" ብሎ የራሱን ሱቅ ያከራየኝ እሱ ነው።

ደሊናን የገነዝነው እኔና እትዬ ሙሉነሽ ነን። እትዬ የእድሩ አንጋፋ ገናዥ ናቸው።

አንገቷን ላጥብ ነጠላውን ገለጥ አደረግኩ...

አራት የጣት ምልክት በግራ። አንድ በቀኝ።

ቀና አልኩ። እትዬም አይተውታል።

"እትዬ..."

"ምን አየሽ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

ከበሩ ውጭ ተስፋለም ይንሰቀሰቃል። ከልቡ ነበር የሚያለቅሰው። እስካሁን የሚገርመኝ እሱ ነው።

"ምንም" አልኩ።

"ጎሽ። የሰው ገበና ነው። ሆድ ይፍጀው።"

ጥጥ አመጡና አንገቷን ሸፈኑት።

እንደምታውቁት፣ ሬሳ ሲገነዝ ሁለቱ የእጅ አውራ ጣቶች አንድ ላይ ይታሰራሉ። የእግሮቹም እንደዚያው። ነጩ ክር እግሯ ላይ አለቀብን። ኪሴ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋበት ሰማያዊ ክር ነበር። እጇን በሱ አሰርኩት። ቁልፍ ስተክል እንደማደርገው... ሁለት ዙር፣ አንድ ቋጠሮ፣ ከዚያ ጫፉን በጥርሴ ብጥስ።

ጣቶቿ ሁለቴ ተፈቱብኝ።

በሦስተኛው ጠበቅ አድርጌ አሰርኳቸው።

በተረፈው ጥቅል ደግሜ መስፋት አስጠላኝ። ከእግሯ ስር ሸጎጥኩት፤ አብሯት ተቀበረ።

በሦስተኛው ቀን ሱቄን ስከፍት፣ ጥቅሉ ስፌት መኪናዬ ላይ ተሰክቶ ነበር።

ሌላ ክር ነው አልኩ። ሰማያዊ ክር በከተማው ሞልቷል። ጠጋ ብዬ ሳሸተው ግን... ደሊናን ስንገንዝ ጥጡ ላይ ያርከፈከፍነው ሽቶ ነው።

ወስጄ ጣልኩት። በማግስቱ ተመልሷል። የበሩን ቁልፍ የነካው የለም። ደግሞ በየቀኑ ይሳሳል፤ እኔ አንድም ነገር አልሰፋሁበትም።

ለማን ልንገር? ምን ብዬ? አንገቷን አይቼ ዝም አልኩ ብዬ?

ባለፈው ሐሙስ፣ ስምንት ሰዓት ተሩብ ላይ፣ ተስፋለም አንዲት ልጅ ይዞ ገባ።

"ማዕዚ፣ ሳምራ ትባላለች። እሁድ ሳምንት ሠርጋችን ነው። ቆንጆ ቀሚስ ስፊላት... አንገቱ ዝግ ይሁን።"

ስልኩ ጠራና ወጣ። በበሩ መስታወት በኩል ግን ያየናል።

ሳምራ የላንቻ ልጅ ናት። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ወገቧን ስለካ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ማለቴ... እኔ ክፍት አንገት ነበር ደስ የሚለኝ። እሱ ግን በቃ ዝግ ካልሆነ አለ።"

እጅጌዋን ልለካ ክንዷን አነሳሁ። ቀኝ አውራ ጣቷ ላይ ሰማያዊ ክር ታስሯል።

ሁለት ዙር። አንድ ቋጠሮ። ጫፉ በጥርስ የተበጠሰ...

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እኔንጃ። ጠዋት ስነሳ ታስሮ አገኘሁት። መቀስ ራሱ እምቢ አለው እኮ!"

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"እህት... የመጀመሪያ ሚስቱን ታውቂያት ነበር አይደል? በምንድን ነው የሞተችው? እውነቱን ንገሪኝ።"

ቀና ስል ተስፋለም በመስታወቱ ፈገግ አለልኝ። ያው የተለመደው ደግ ፈገግታው። የቁልፍ መያዣውን ጣቱ ላይ ያሽከረክራል። የሱቄ ቁልፍም እዚያው ላይ ነው።

አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። "ሽሺ" ማለት ብቻ።

"ልቧ ነው" አልኩ። "ተኝታ ቀረች።"

"እፎይ! ሰው ዝም ብሎ ያወራል።"

ስትወጣ በሩን በትከሻዋ ነው የገፋችው። ሁለቱ አውራ ጣቶቿ... አንድ ላይ ታስረው ነበር። እሷ ልብ አላለችውም። ተስፋለም ጣቶቿን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ በሩን ያዘላት።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ስልክ ቁጥሯ ደብተሬ ላይ አለ። ትናንት ሦስቴ ልደውል ጀምሬ ሦስቴም ተውኩት። ራሴን ጠላሁት።

ቀሚሱን ግን ጨርሻለሁ። አንገቱን ዝግ አድርጌ።

በነጭ ክር ነው የሰፋሁት፤ መርፌው ላይ የሰካሁት እኔው ራሴ ነኝ። አሁን ገልብጬ ሳየው ግን... ከአንገቱ እስከ ጫፉ ስፌቱ በሙሉ ሰማያዊ ነው።

ጥቅሉም አልቋል።