ያልተሰናበተው እንግዳ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሰባቱ የውሰት ገላዎች ጣቢያው በረንዳ ላይ በመደዳ ቆመዋል፤ ፊታቸው ታጥቧል፣ ጫማቸው ታስሯል፣ ዓይናቸው ግን ገና ባዶ ነው። አስጎብኚዋ ሞሚና በፊታቸው እየተመላለሰች የአንዱን ኮሌታ አቃናች፣ የሌላዋን ባርኔጣ አስተካከለች። ደወሉ ሲደወል ዓይኖቹ ውስጥ ተራ በተራ ሰው ገባ። አንዷ ሣቀች። አንዱ እጁን እያገላበጠ አየ። ሁለት አዲስ ሙሽሮች ደግሞ በማያውቁት መልክ ትንሽ ሲፈላለጉ ቆዩና ተቃቀፉ።

«እንኳን ወደ አርሆ በደህና መጣችሁ! እንዴት አደራችሁ?» አለች ሞሚና።

ስድስቱ መለሱ። ሰባተኛው፣ አቶ ልሳነወርቅ የሚባሉት ጡረታ የወጡ መንገድ ተቋራጭ፣ «ጥላ ያለው የት ነው?» አሉ።

አርሆ ያረጀች ከተማ አይደለችም። ምድር ተሰንጥቃ ባሕሩ ወደ ዳሎል ዝቅተኛ ሜዳ ከገባ ገና መቶ ሰማንያ ዓመቱ ነው፤ ጥንት ጨው ይቆረጥበት የነበረው ቦታ ዛሬ ጀልባ ይንሳፈፍበታል። ነጩ ገደል፣ አረንጓዴው ውሃ፣ ቀዩ አለት፣ ምኑ ቅጡ! ሙቀቱ ግን የድሮው ሙቀት ነው። እንደ ሞሚና እዚያው ተወልዶ ያደገ ካልሆነ በቀር በሥጋው መጥቶ የሚችለው የለም። ስለዚህ ጎብኚው ቤቱ ጋደም ብሎ ግንባሩ ላይ ቀለበት ያጠልቅና፣ አርሆ ባለ የውሰት ገላ ዓይን ያያል፣ በገላው እግር ይሄዳል። ሁለቱን የሚያገናኘውን ሞገድ «ክር» ይሉታል።

ሞሚና የእጇ አንጓ ላይ ያለውን ሰሌዳ አየት አደረገች። ሰባት አረንጓዴ መብራት፤ ሰባት ደህና ክር። ክር አንዳንዴ ለአፍታ ይደናቀፋል። ያን ጊዜ ገላው መንገድ ላይ እንዳይዘረር «ሙሌት» የሚባል ነገር ይደርስለታል፤ ልክ እንደ ጥርስ ሙሌት ክፍተቱን ይደፍናል። የእንግዳውን አረማመድና አነጋገር ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ እያጠና ይቆይና፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ሰውየውን ተክቶ ይራመዳል። አብዛኛው እንግዳ መኖሩንም አያውቅ።

ጉብኝቱ ግማሽ ቀን ብቻ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በውሰት ገላ ከስድስት ሰዓት በላይ ከቆየ አእምሮ የገዛ ገላውን እንደ ባዕድ ይቆጥርና አልመለስም ይላል። ከሦስት ዓመት በፊት ሞሚና የምትመራት አንዲት እንግዳ ይህን ገደብ በዘጠኝ ደቂቃ አሳለፈች። ሴትየዋ ዛሬም ቤቷ ዓይኗን ገልጣ እንደተኛች ናት። ከዚያ ወዲህ የመጨረሻው እንግዳ ተሰናብቶ ሳይሄድ በሞሚና አፍ እህል አይዞርም።

በጀልባ ወደ ነጩ ገደል ሲሄዱ አቶ ልሳነወርቅ ያሉት ነገር ቢኖር «ልጄ ናት በስጦታ ብላ በግድ የላከችኝ» ነው። ሞሚና ስለ ገደሉ ስታወራ እሳቸው ያዛጋሉ። «በርቱ» ስትላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ። የአንዳንዱ ሰው ክፋቱ እንኳ አያዝናናም።

አራት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ገደሉ ሥር ሲደርሱ፣ የእሳቸው መብራት ቢጫ ሆነ። ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ። ሞሚና ወደ እሳቸው ጠጋ አለች።

«ደከመዎት እንዴ?»

«አልደከመኝም እኅቴ» አሉ። «አንቺ ነሽ እንጂ ከጠዋት ጀምሮ ያልተቀመጥሽው። ነይ እስቲ፣ እዚህ ድንጋይ ላይ አረፍ በይ።»

ሞሚና ግራ ገባት፤ ደስም አላት። ባሕሩ አለሰለሳቸው አለች በልቧ። ክሩ የተበላሸበት ሰው እንዲህ ያለ ወግ ያለው መልስ አይመልስም ብላ ሰሌዳዋን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችና ተወችው። ከዚያ በኋላማ አቶ ልሳነወርቅ ሌላ ሰው ሆኑ። ሙሽሮቹን መርቀው አሣቁ። ስለ ገደሉ እንደገና እንድትነግራቸው ጠየቁ። ስሟን ጠይቀው፣ ከዚያ ወዲያ ያለ ስሟ አልጠሯትም።

ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ የመጨረሻው ማረፊያ፣ ፍልውሃው ዳር ደረሱ። ስንብት የሚደረገው እዚያ ነው። እንግዳው «ደህና ሁኚ» ይላል፣ ሞሚና «ደህና ግቡ» ትላለች፤ ክሩ ቃሉንና ከቤት የሚመጣውን የልብ ምት አገናኝቶ ይዘጋል። ስድስቱ ተሰናበቱ፤ መብራታቸው ጠፋ፣ ገላዎቹም ጀልባው ላይ በጸጥታ ተቀመጡ።

«ደህና ሁኚ፣ ሞሚና» አሉ አቶ ልሳነወርቅ።

«ደህና ግቡ።»

ቢጫው መብራት ብልጭ አለ። አልጠፋም። ደግመው ተሰናበቱ። ሦስተኛ ተሰናበቱ። ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ወጣ፦ የልብ ምት የለም።

ሞሚና ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ብላ ጣቢያ ለሚቆጣጠረው ለሁመድ ደወለች።

«ሁመድ፣ አንዱ አልዘጋ አለኝ! ምት የለም ይለኛል።»

«ቤታቸው ልደውል» አለ። ቆይቶ ተመለሰ። «አይነሳም። ለሰፈራቸው ጤና ጣቢያ ነግሬያለሁ፣ ሰው እየላኩ ነው። አንቺ እንዳትንቀሳቀሺ። ምንም ቢሆን አነጋግሪያቸው። ያለችው ክር እንዳትበጠስ።»

«ስንት ደቂቃ ቀረኝ?»

«እያወቅሽው!»

ታውቀዋለች። ሠላሳ ስምንት። ተመልሳ አጠገባቸው ተቀመጠች። እግራቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ማዕበሉን ያያሉ።

«እጅሽ ይንቀጠቀጣል» አሏት።

«ነፋሱ ነው።»

«በዚህ ሙቀት?»

መዋሸት አቃታት። ነገረቻቸው። የሴትየዋን ነገር፣ የዘጠኙን ደቂቃ፣ ሁሉንም። አቶ ልሳነወርቅ ሳያቋርጡ ሰሟት።

«እስቲ ስለ ቤትዎ ያጫውቱኝ» አለች፣ ሁመድ ያላት ትዝ ብሏት። «ግቢው ምን ይመስላል?»

ግንባራቸው ተኮማተረ።

«ይገርማል» አሉ ቀስ ብለው። «በሩ ጠፋኝ። የጠዋቱን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ ‹እንዴት አደራችሁ› ስትዪን፣ ሙሽሮቹ ሲፈላለጉ። ከዚያ በፊት ያለውን ስፈልገው ግን የለም።»

ሴትየዋም ልክ እንደዚሁ ነበር የጀመራት፤ መጀመሪያ በሩን ረሳች፣ ከዚያ የእናቷን ስም።

«ልጅዎስ? ልጅ አለኝ ብለውኛል። ስሟ ማነው?»

«ልጄ ናት የላከችኝ» አሉ። ስም አልመጣም። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ላይ ፍርሃት አየች። «ሞሚና፣ ብሞት በአንቺ ያመካኛሉ?»

«ያመካኛሉ።»

«እንግዲያው ላንቺ ስል አልሞትም» አሉና ሣቁ። እሷም በዚያ ጭንቀት መካከል ሣቀች፤ እንባዋም አብሮ መጣ። እጃቸውን ያዘች። የውሰት ገላ እጅ ስትይዝ የመጀመሪያዋ ነው። እንደ ማንኛውም እጅ ይሞቃል።

ስድስት ሰዓት ከአርባ ስድስት ሲል ሁመድ ደወለ።

«ተገላገልሽ!» አለ። ይሥቃል። «ሰውየው ምሳ እየበላ ነው።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ልሳነወርቅሽ ነዋ! የተላከው ነርስ ገበታ ላይ አገኘው። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ቀለበቱን አውልቆ ወርውሮታል። ‹ባሕር ባሕር ነው፣ አየሁት› ይላል። ሳይሰናበት ስለሄደ ክሩ የተደናቀፈ ብቻ መስሎት ሙሌቱ ሲደፍን፣ ሲደፍን ዋለ።»

ሞሚና ወደ ባሕሩ አየች። «ታዲያ ከማን ጋር ነው ሳወራ የዋልኩት?»

«ከሙሌቱ ነዋ።»

«ሁመድ፣ ሰውየው እኮ ጠዋት ሰላምታ እንኳ አልመለሱልኝም። ሙሌት ከየት አምጥቶ ነው እንዲህ የሚጫወተው?»

«ለዚያ እኮ ነው። ከባለቤቱ የሚማረው ሲያጣ አጠገቡ ካለው ሰው ይማራል። ከአንቺ ነው የቀዳው። በይ አሁን ማጥፊያውን ተጫኚና ገላውን አምጪልኝ፤ ለከሰዓት ተከራይ አለው።»

ሞሚና እፎይ አለች። ሰው አልሞተባትም። ሦስት ዓመት የተሸከመችው ነገር ለሁለተኛ ጊዜ አልተጫነባትም። እንዲህ እፎይ እያለች ግን ፍርሃቱ አልለቀቃትም። ምን ቀረኝ ብላ ራሷን ጠየቀች።

«ምን አሉሽ?» አሉ አጠገቧ ያሉት።

«አቶ ልሳነወርቅ ደህና ናቸው። ሳይሰናበቱ ሄደው ቤታቸው ምሳ እየበሉ ነው።»

እጃቸውን አዩ፤ መዳፉን፣ ከዚያ ጀርባውን።

«እሰይ!» አሉ በመጨረሻ። «አንቺም ተረፍሽ ማለት ነው።»

«ተረፍኩ።»

«ሞሚና፣ እኔ ታዲያ ወዴት ነው የምመለሰው?»

ስንቱን የገደል ታሪክ በቃሏ የምትወርድ ሴት ለዚህ አንድ ቃል አጣች። ሁመድ ጆሮዋ ውስጥ «ተጫንሽው?» ይላል። ሰሌዳዋን አየች፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቷል።

«ግማሽ ቀኑ አላለቀም» አለች ለሁለቱም፣ ለሁመድም ለእሳቸውም። ጫማዋን አወለቀችና እግሯን ውሃው ውስጥ ነከረች።

አንድ ነጭ ወፍ ዓሣ ስታነሣ አዩ። እሳቸው ውሃው ለምን እዚህ ጋ ሞቅ እንደሚል ጠየቁ፤ እሷም ከሥር ያለው እሳት ገና እንዳልበረደ ነገረቻቸው። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል አቶ ልሳነወርቅ፣ ወይም ሞሚና ሌላ ስም ያላወጣችላቸው ያ እንግዳ፣ ወደ እሷ ዞሩ።

«ሰውየው ሳይሰናበትሽ ነው አሉ የሄደው። ነውር ነው» አሉ። «ደህና ሁኚ፣ ሞሚና። ስለ ቀኑ እግዜር ይስጥልኝ።»

«ደህና ግቡ» አለች፤ ሌላ ቃል አልመጣላትም። ዓይናቸውን እያየች ማጥፊያውን ተጫነች። ከዓይኖቹ ውስጥ ሰው ወጣ፤ ገላው እጁ እጇ ውስጥ እንዳለ ጸጥ አለ።

ጀልባዋ ጣቢያ ስትደርስ ሁመድ መዝገቡን ከፍቶ ይጠብቃት ነበር።

«ሰባት ወጡ፣ ሰባት ተመለሱ ብዬ ልዝጋው?» አላት።

ሞሚና ከጀልባዋ አልወረደችም።

«ስምንት ነበሩ» አለች። «ሰባቱ ተመልሰዋል።»