«አለ» ወይስ «የለም»

«በአላህ ቀይሪው!» አለች ሙሀባ የሐምዲያን ክንድ ጨምድዳ ይዛ። «አባቴ መጣ!»

ሐምዲያ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራውን ፕሮግራም የጻፈችው ለደንበኞች ብላ ነበር። ነሐሴ ላይ የሸዋ ሮቢት የአሥረኛ ክፍል ተፈታኝ ሁሉ የአጎቷን ኢንተርኔት ቤት ወርሮታል፤ የውጤቱ ድረ ገጽ ደግሞ አንዴ ከተከፈተ አሥሬ ይጠፋል። ፕሮግራሟ በየደቂቃው ይሞክረዋል። መልስ ካገኘ «አለ»፣ ካጣ «የለም» ብሎ በትልቁ ይጽፋል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሆና ይህን መሥራቷ ትንሽ አኩርቷት ነበር።

አሁን ግን «አለ» ብሎ አፍጦባታል። ሙሀባ የሒሳብ ፈተናውን እንዳበላሸችው እርግጠኛ ናት። ከወደቀች አባቷ ያነጋገሩት ደላላ ለሥራ ጅዳ ይልካታል፤ ፓስፖርቷ ወጥቷል።

«ለትንሽ ቀን ብቻ» አለች። «ወላሂ፣ ልቤ ሊወጣ ነው።»

ሐምዲያ ሥራው ቀፈፋት፤ ግን ጓደኛዋ ስትንቀጠቀጥ ማየት አልቻለችም። «አለ»ን አጥፍታ በቦታው «የለም» ጻፈች። ከእንግዲህ ፕሮግራሙ መልስ ቢያገኝም ባያገኝም ቃሉ አንድ ነው።

የሙሀባ አባት ጋሽ ሁሴን የማሾ ኬሻቸውን በሩ ላይ አሳርፈው ገቡ።

«ዛሬም የለም?»

«የለም፣ ጋሼ» አለች ሐምዲያ።

«እንግዲህ ምን ይደረግ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «ካለፈች ትማር ብዬ ደላላውን ሳምንት ሙሉ አቆይቼው ነበር። ከዚህ በላይ አልጠብቅም አለኝ። ነገ ጠዋት ትሄዳለች።»

ሐምዲያ በጣም ደነገጠች። ፈጥና ቃሉን ወደ ነበረበት መለሰችና ፕሮግራሙን አስነሳችው። «አለ» እስኪል ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች።

«የለም» አለ።

ይሄኛው የእውነት ነበር። ድረ ገጹ ጠፍቷል። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ጋሽ ሁሴንም ኬሻቸውን ለማንሳት ጎንበስ ብለዋል።

«ጋሼ፣ አይሂዱ!» አለች ሐምዲያ። «ቅድም ተከፍቶ ነበር። እኔ ነኝ የዋሸሁዎት።»

ጋሽ ሁሴን ቀና ብለው መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ልጃቸውን አዩ። ሙሀባ የፈተና ካርዷን ከቦርሳዋ አውጥታ ከኪቦርዱ አጠገብ አኖረችው።

ጋሽ ሁሴን ኬሻቸው ላይ ተቀመጡ። «በስንት ጊዜ ነው የሚሞክረው?»

«በየደቂቃው።»

«እንጠብቃለን» አሉ።