ደም የወረደበት ቧንቧ

የሽማግሌው ተቆጣጣሪ ጭንቅላት ከኋላ ተፈርክሷል፤ የገደላቸው ከባድ መፍቻ አጠገባቸው ወድቋል። ደማቸው ከትንሿ የኒውክሌር ማብላያ በሚወጣው ወፍራም ቧንቧ ላይ ተረጭቶ፣ በቀጫጭን መስመር እስከ ወለሉ ወርዶ፣ እዚያው ተጠብሶ ጠቁሯል። መጠየቅ ስለማይታክታት «ወይዘሮ ለምን» የሚሏት መርማሪ ተንበርክካ መስመሩን በዓይኗ ተከተለችው።

የሟች አማች፣ ኤሌክትሪሲያኑ፣ በካቴና ታስሮ ጥግ ላይ ቆሟል። ከንፈሩን ያፈረጠው ፖሊስ እንዳይመስላችሁ፤ የገዛ ሚስቱ ናት፣ የሟች ልጅ።

«አባቴን!» ብላ እንደገና ልትመታው ስትል ያዟት። «ትናንት ተጣላችሁ፣ ዛሬ በጨለማ ጨረስካቸው!»

ምን ይፈረድባታል? ነገሩ እሱን ይመስላል። ማብላያዋ ያለ ፓምፕ፣ ያለ ሰው እጅ ራሷን ማቀዝቀዟ የሚፈተነው መብራት ሲጠፋ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ላይኛው ፎቅ፣ አምስት ሠራተኞች እያዩት፣ መብራቱን ያጠፋው እሱ ነበር። ከዚያ ብቻውን ወደዚህ ምድር ቤት ወረደ።

«ለምን ወረድክ?» አለችው መርማሪዋ።

«አባባ በሬዲዮ አልመልስ ሲሉኝ ነዋ! ስደርስ ወድቀው አገኘኋቸው።»

የፈረቃው ኃላፊ ጉሮሮውን ጠረገ። «አራት ሰዓት ሊሆን ሲል እዚሁ ደህና ትቻቸው ወጣሁ። መብራት ከጠፋ በኋላም፣ ማቀዝቀዣው ውሃ መፍሰስ ሲጀምር እንደ ልማዳቸው፣ በሬዲዮ ‹ውሃው ተነሳ› ብለውኛል። መዝገቡ ላይ ጽፌዋለሁ።»

«እርስዎ ብቻ ሰሙ?»

«እኔ ብቻ።»

መርማሪዋ ወደ ኤሌክትሪሲያኑ ዞረች። «ይኼ ቧንቧ ሁልጊዜ ትኩስ ነው?»

«ኧረ በፍጹም! መብራት እያለ የውሃው መዝጊያ ዝግ ነው፣ ቧንቧውም ቀዝቃዛ። መብራት ሲጠፋ በራሱ ይከፈታል፤ ትኩሱ ውሃ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ይወርዳል። ገፊ አያሻውም፤ አሁንም እንደጋለ ነው።»

ከላስቲክ ጠርሙስ ውሃ በመዳፏ ይዛ ቧንቧው ላይ ረጨች። ጭስስ አለና ጠፋ፤ አንዲት ጠብታ ወለል አልደረሰችም።

«ደሙስ ለምን ወረደ?» አለች የጠቆረውን መስመር በጣቷ እያመለከተች። «ቀዝቃዛ ብረት ላይ ስለፈሰሰ! መጀመሪያ ወረደ፣ በኋላ ተጠበሰ። ሽማግሌው የተመቱት መብራት ሳይጠፋ ነው። ያን ሰዓት ይኼ ልጅ ላይኛው ፎቅ አምስት ሰው ፊት ነበር፤ እዚህ የነበርከው አንተ ነህ፣ የፈረቃው ኃላፊ። ታዲያ ‹ውሃው ተነሳ› ያለህ ሬሳው ነው? በየፈተናው ስለሚሉት ሳትሰማ ጻፍከው!»

የኃላፊው ፊት አመድ ሆነ። «ያለፉትን ሁለት ፈተናዎች ሳልሠራ ሠራሁ ማለቴን ሽማግሌው ደረሰበት! ሊያዋርደኝ ነበር!»

መፍቻውን ከወለሉ ላፍ አድርጎ በመርማሪዋ አናት ላይ ሰነዘረ። ኤሌክትሪሲያኑ እጆቹ እንደታሰሩ በትከሻው ደረቱን መታው፤ ሰውየው ጉንጩ ቧንቧው ላይ ተለጠፈ። ጩኸቱ ምድር ቤቱን ሞላው፣ የተቃጠለ ሥጋ ሸተተ። ፖሊሶቹ ጎትተው ጣሉት።

ካቴናው ሲፈታ ሚስቱ ቀና ብላ ልታየው አቃታት። «መታሁህ» አለች።

«እጅሽ እንደ አባባ ይከብዳል» አላት ከንፈሩን እየዳበሰ።

ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣችና ደረቱ ላይ ተደፋች። ቆይቶ ጃኬቱን አወለቀ፤ አንዱን ጫፍ እሷ፣ አንዱን እሱ ይዘው የሽማግሌውን ፊት ሸፈኑ።