ጠበል የጠጣችው መኪና

ይህን የምጽፈው ባለታሪኩ ፈቅዶልኝ ነው። "እኔ ልጽፈው አልችልም፣ አንተ ጻፈው። ግን አንዲት ቃል እንዳትጨምርበት" ብሎኛል።

አልጨመርኩም። ያመነ ይመን፣ ያላመነም የራሱ ጉዳይ ነው። እኔ ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ ለመዋሸት የሚበቃ ጉልበት እንኳ የቀረው ሰው አይደለም።

የሆነው በዘንድሮው ነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ቅዳሜ ቀን ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ተጀምሮ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀ። ሌሊት አልነበረም። ጨለማም አልነበረም። ቦታው ጉለሌ፣ ከዊንጌት ገባ ብሎ ያለ አንድ ግቢ ነው፤ ጎረቤት ሬዲዮ ከፍቶ ሽሮ እየሠራ...

ስብሐት የሥራ ባልደረባዬ ነው። አንድ ማተሚያ ቤት አብረን እንሠራለን። ከአምና ወዲህ ሳቅም ልቅሶም የለውም። ሰላም ስንለው ሰላም ይላል። ምሳ ስንለው ይበላል። በቃ።

ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን።

አምና ሚስቱን ሲናን ምጥ ያዛት። ጎረቤታቸው ኪሩ በታክሲው ወደ ሆስፒታል ሲወስዳቸው፣ መኪናዋ ዳገቱ መሃል ላይ ቀጥ አለች። ዝናቡ ይወርዳል። ኪሩ ቢያስነሳ፣ ቢያስነሳ... እምቢ።

ልጁ እዚያው የኋላ ወንበር ላይ ተወለደ። የስብሐትን ሌባ ጣት ጨብጦ ትንሽ ቆየ።

ከዚያ ለቀቀው።

ዘንድሮ ሲና እንደገና ዘጠነኛ ወሯን ይዛ ነበር። ስብሐት ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ያችኑ መኪና ከኪሩ ገዛት።

ለምን እንደሆነ ጠይቄዋለሁ። "ያስቀረችኝ እሷ ናት። የምታደርሰኝም እሷ ናት" አለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሰማያዊና ነጩን ቀለም ግራጫ አስቀባት። የወንበሩን ልብስ ሁሉ አስለወጠ። ለሲና ግን ከሌላ ሰፈር ሰው የገዛት አስመስሎ ነገራት። ለአማቱም እንዲሁ።

መካኒክ እንዲያሳያት ብንመክረው አሻፈረኝ አለ። አምናም ያ ነገር ከመድረሱ በፊት መካኒክ አይቷት "ምንም የላትም" ብሎ ነበርና፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነበት። ብሎን ፈቶ የማያውቅ ሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ሲያይ ከረመና መካኒክ ሆኖ አረፈው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ተውኩት። ዛሬ ላይ ሳስበው ምነው ባልተውኩት ኖሮ እላለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ኮፈኑን ከፈተ።

የባትሪውን ገመድ ፈታ። ሞተሩን የሚያቀጣጥሉትን አራት ካንዴላዎች አወጣ፤ ጥቁር ብለዋል፤ በአዲስ ተካቸው። የአየር ፊልትሮውን አራገፈ። የራዲያተሩን ውሃ አፈሰሰ፤ ዝገት የመሰለ ቀይ ውሃ ወጣ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ልክ ቪዲዮው ላይ እንዳለው ነበር።

አሁን የሚሞላው ንጹህ ውሃ ያስፈልገዋል። ያን ሳምንት ቧንቧ አልመጣም። በረንዳው ላይ ግን አምስት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንዶች ተደርድረዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ይህ ብርቅ አይደለም።

አንዱን አንስቶ ገለበጠ።

ሁለተኛውን...

ሦስተኛውን...

ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ አራት ሊትር ይበቃታል ብሎ ነበር። ስብሐት አራተኛውን ሃይላንድ ጨረሰ። አልሞላም። ጎንበስ ብሎ ከመኪናዋ ሥር አየ። መሬቱ ደረቅ ነው።

ጆሮውን ወደ ራዲያተሩ አፍ አስጠጋ።

ጉርጭ... ጉርጭ... ጉርጭ...

ውሃ ሲፈስ እንዲህ አይልም። ሲጠጣ ነው እንዲህ የሚለው። አምስተኛውን ገለበጠው።

የሲና እናት ወይዘሮ የዓለምወርቅ ብቅ ያሉት ይሄኔ ነው። እንጦጦ ማርያም ሱባኤ ገብተው ነበር፤ የልጃቸው ቀን ስለደረሰ ትናንትና ማታ ነው የወረዱት። በረንዳውን አዩ። ባዶዎቹን ሃይላንዶች አዩ።

"ጠበሉስ?" አሉ።

"የቱ ጠበል?"

"ለሲና ያመጣሁት። የማርያም ጠበል።"

ስብሐት በጣቱ ወደ መኪናዋ አሳየ።

ይቆጡኛል ብሎ ጠበቀ። አልተቆጡም። ወደ መኪናዋ ሁለት እርምጃ ቀረብ ብለው ቆሙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ስብሐት... በዚች መኪና ሰው ሞቷል?"

"አላውቅም፣ እማማ" ብሎ ዋሸ።

ትክ ብለው አዩት። ከዚያ በሹክሹክታ ነገሩት። ስንት ዓመት ጠበል ቦታ ተቀምጠዋል፣ ስንቱን አይተዋል። ጠበል የተደበቀውን ያወጣል። የሚወጣው ነገር ግን ወዴት እንደሚሄድ በቄስ ይታዘዛል እንጂ እንዲሁ አይለቀቅም። እንዲሁ ከተለቀቀ በአጠገቡ ካገኘው ጋር ይሄዳል።

"ቄስ ይዤ እስክመጣ አትንካት" አሉት። "የሆነ ነገር ብትሰማ እንዳትመልስ። ና እንዳትለው።"

ነጠላቸውን ሊያመጡ ወደ ቤት ገቡ።

ስብሐት ብቻውን ቀረ። ሞተሩ ከትናንት ጀምሮ አልተነሳም። ቀዝቃዛ መሆን ነበረበት። ከራዲያተሩ አፍ ግን ቀጭን እንፋሎት ወጣ... ቆመ። ወጣ... ቆመ። ከራሱ ትንፋሽ ጋር አስተያየው። ከእሱ ይፈጥናል።

ደግሞም ይሸታል። ቤንዚን አይደለም። ዘይትም አይደለም። አራስ አራስ ይላል።

መፍራት እንዳለበት ያውቅ ነበር። ፍርሃቱ ግን አልመጣም። የራዲያተሩን ክዳን አንስቶ ቀስ ብሎ ገጠመው፤ አጥብቆ ለማሰር እጁ እምቢ አለው።

ከውስጥ የሲና ድምፅ መጣ።

"ስብሐት... ሽርት ውሃዬ ፈሰሰ።"

ቄስ የመጥራቱ ነገር ቀረ። ስብሐት ስልኩን አውጥቶ ታክሲ ጠራ። በአቅራቢያው መኪና የለም። እንደገና ጠራ። የለም። ዝናቡ ማካፋት ጀመረ፤ ልክ እንደ አምናው። ለኪሩ ደወለ፤ ኪሩ ክፍለ ሀገር ነው።

እግቢው ውስጥ ያለችው ይቺው መኪና ብቻ ናት። የቀራት ደግሞ የባትሪውን ገመድ ማሰር ነው። አንዲት ብሎን።

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ብሎኗ ከጣቱ አምልጣ ሞተሩ ሥር ገባች። እሷ ከሌለች ገመዱ አይያዝም፣ ገመዱ ካልተያዘ መኪናዋ አትነሳም።

ክንዱን እስከ ትከሻው አስገባ። አይታየውም። በጣቱ ጫፍ ብቻ ይዳብሳል። ብረት... ላስቲክ... ብረት...

የሆነ ነገር ሌባ ጣቱን ያዘው።

ብረት አልነበረም። ሞቅ ያለ ነው። እርጥብ ነው። ትንሽ ነው።

ስብሐት ሳይንቀሳቀስ ቆጠራቸው። አምስት ናቸው።

ይህን ሲነግረኝ አልሸሸገኝም። "ጉልበት የሚባል ነገር አልነበረውም" አለኝ። "ብጎትት ይለቀኝ ነበር። ለዚያ ነው ያልጎተትኩት።"

ጉንጩን ኮፈኑ ጠርዝ ላይ አስደግፎ እዚያው ቀረ። እንባው ይወርዳል። ለምን እንደሚወርድ ግን አልገባውም፤ የሌላ ሰው ፊት ላይ የሚወርድ ነበር የመሰለው። ሚስቱ ቤት ውስጥ እያማጠች መሆኑን ያውቃል። ጊዜ እየሄደ መሆኑን ያውቃል። ብሎኗ ከተገኘች እንደሚደርሱ፣ ካልተገኘች እንደ አምናው እንደሚሆን ያውቃል።

እጁን አላወጣም።

ሲና በእናቷ ተደግፋ ወጣች።

"እጅህን አውጣ" አለችው ቀስ ብላ።

"ይዞኛል።"

"ማን?"

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ያማትባሉ። ሲና የእናቷን ክንድ ለቃ ወደ መኪናዋ መጣች። መዳፏን ግራጫው ቀለም ላይ አሳረፈች።

"ይቺ የኪሩ መኪና ናት" አለች።

ስብሐት ቀና አለ። "ታውቂ ነበር?"

"በመጣችበት ቀን ነው ያወቅኳት። ቀለም ስለቀየርክ የምትጠፋኝ መሰለህ?" ምጡ መጣባት። ጥርሷን ነክሳ አሳለፈችው። "አንተ ስትደክምላት ሳይህ... ዝም አልኩ።"

እናቷ አሁን ገባቸው። ፊታቸው ላይ ደም አልቀረም። "ሲና፣ ነይ ከዚያ" አሉ። "ምንም ነገር እንዳትናገሪ።"

ሲና አልሰማቻቸውም። ሆዷን በአንድ እጇ ይዛ ወደ ሞተሩ አጎነበሰች። ያን ጊዜ ድምፅዋ አዋቂን የምታናግርበት ድምፅ አልነበረም ይላል ስብሐት።

"ልቀቀው፣ ማሙዬ። አባትህ ይንዳ" አለች። "ና... አብረን እንሂድ።"

ወይዘሮ የዓለምወርቅ አፏን በእጃቸው ሊይዙ ተወረወሩ። ቃሉ ወጥቶ ነበር።

ጣቶቹ አንድ በአንድ ተፈቱ። ስብሐት እጁን ሲያወጣ ብሎኗ መዳፉ ውስጥ ነበረች።

አሰራት። ቁልፉን ቢያዞረው በአንድ ጊዜ ተነሳች። አልተንቀጠቀጠችም። አልጮኸችም። ሲና ከኋላ ገባች። እናቷ ከኋላ መቀመጥ ሲገባቸው ከፊት ገቡ፤ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ተከናነቡ። ወደ ኋላ ዞረው አላዩም።

ዳገቱ ደረሰ።

አምና የቆሙበት ቦታ ላይ የሞተሩ ድምፅ ጠፋ።

ስብሐት ከመሪው ፊት ያሉትን ጠቋሚዎች አየ። የሞተሩ ቀስት ዜሮ ላይ ወድቋል። የሙቀቱም ቀስት ታች ነው። ነዳጅ ሲረግጥ ምንም ለውጥ የለም፤ እግሩን አነሳው።

መኪናዋ ዳገቱን ትወጣለች። በዝግታ። ሳትነጫነጭ። ጎማው ውሃ ሲረግጥ ብቻ ይሰማል።

ስብሐት መሪውን ይዞ ፊት ለፊቱን ያያል። ከጎኑ አማቱ በልባቸው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ፤ ከንፈራቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ከኋላ የሲና ምጥ እንኳ ጋብ ብሏል።

"ስብሐት" አለችው በሹክሹክታ።

"እ?"

"ቀስ ብለህ ንዳ። ተኝቷል።"

በመስታወቱ ሊያያት ፈልጎ ነበር። አላየም። "ለምን?" አልኩት። "መድረስ ነበረብኝ" አለኝ።

ደረሱ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነርሷ ወጥታ ወንድ ልጅ ነው አለችው። ሲናም ደህና ናት፣ ልጁም ደህና ነው። ሦስት ኪሎ ተኩል። እንኳን ደስ ያለህ። ስብሐት እግዚአብሔር ይመስገን አለ። ደስታው የሆነ ቦታ መንገድ ላይ እንዳለ፣ ገና እንዳልደረሰ ነበር የተሰማው። አማቱ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። ልጁን ይዩት ሲባሉ፣ ቆይ ቄስ ይምጣ አሉ።

ስብሐትን አስገቡት።

ልጁ አያለቅስም። ዓይኑን ገልጦ ጣራውን ያያል። ነርሷ አጎንብሳ ትንንሽ እጆቹን በእርጥብ ጥጥ ትጠርጋለች። ጥጡን ትጥላለች፣ ሌላ ታነሳለች። ሳህኑ ላይ ስድስት ሰባት ጥጥ ተከምሯል፤ ሁሉም ጠቁሯል።

"ምን እንደሆነ እንጃ" አለችው ቀና ሳትል። "ሲወለድም ጀምሮ እንዲሁ ነው። አልለቅ አለኝ።"

ስብሐት ቀረብ ብሎ አየ። ከዚያች ሩዝ ከማታክል ጥፍር ሥር፣ በአሥሩም ጣቶች ላይ፣ ጥቁር የሞተር ግራሶ ሞልቷል።

እሱ ከጠዋት ጀምሮ አልታጠበም። ሳሙና አልነካም። ሁለት እጆቹን ገልብጦ አያቸው።

ንጹህ ነበሩ። ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፈው እንደዋሉ፣ እስከ ትከሻው ድረስ ነጥተው ተጨማደዋል።