በግራ እጅ የሚዞረው

እጄን እንዳሳረፍኩበት አወቅሁት።

ፍራውከ እባላለሁ። በርሊን ለሚታተም መጽሔት ሲንተሳይዘር በሚባለው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያ ላይ የሚገጠሙ አዳዲስ ክፍሎችን፣ ሞጁሎችን፣ እየነካካሁ የተሰማኝን እጽፋለሁ። ያን ጠዋት በአንድ የሙዚቃ መሣሪያዎች አውደ ርዕይ ላይ የጠበቀኝ ኦሲሌተር፣ ማለትም ድምፁ የሚመነጭበት ሞጁል፣ የቶርበን ነበር። ዋናውን ማዞሪያ እንደ ልማዴ በግራ እጄ ያዝኩት። ወደ ግራ ሳዞረው ድምፁ ቀጠነ፤ ወደ ቀኝ ስመልሰው ወፈረ። የሌላው ሰው ሁሉ ማዞሪያ የሚሠራው በተቃራኒው ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ የኤሌክትሮኒክስ ብየዳ ኮርስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ቶርበን በዚሁ ስቆብኝ ነበር።

«ኧረ ገልብጠሽ በየድሽው!»

«ግራኝ ነኝ። እንዲህ ነው የሚመቸኝ።»

«እንግዲያው እንዳትነኪው። ማንም ሲያዞረው ያንቺ መሆኑን ያውቃል።»

ይህን ብሎ ረጅም ጊዜ አየኝ። ልቤን የሰጠሁት ያኔ ነው።

ሁለት ዓመት አብረን ኖርን። የዚህን ኦሲሌተር ንድፍ እኔ ሠራሁ፤ እሱ ሻይ አፈላ፣ ሳህን አጠበ፣ ሲደክመኝ አቀፈኝ። ባለፈው ጥቅምት እናቴን ለመጠየቅ ኪል ሄጄ ስመለስ፣ እሱም ንድፉም ቤት አልነበሩም። ስልኬን አያነሳም። አሁን ሞጁሉ ላይ የሱ ስም ብቻ ተጽፏል። ማዞሪያውን እንኳን አላስተካከለውም፤ ሰነፍ!

ቶርበን ከሞጁሉ ጀርባ ቆሟል፤ ሰው ከቦናል።

«ይሄ የግራው ነገር ከየት መጣ?» አለ አንዱ።

«አንዲት ተማሪዬ ተሳስታ ነው። ወደድኩት» አለ ቶርበን፣ እኔን እያየ።

ተማሪዬ! ደሜ ፈላ። ግን እሱ የማያውቀውን አንድ ነገር ስለማውቅ ጠበቅሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሞጁሉ ሞቀ። ቶርበን መድረክ ላይ ሆኖ ሲጫወትበት፣ ዜማው ቀስ በቀስ ከቅኝቱ ወረደ። ሰዎች ተያዩ። አንዷ ሳቋን ለቀቀችው።

በጓሮ በር ወደ ውጭ ተከትሎኝ ወጣ። አልቦታል።

«ፍራውከ፣ ምኑ ነው የጎደለው?»

«ተማሪህን ጠይቃት።»

«በናትሽ! ከምሳ በኋላ ገዢዎቹ ይመጣሉ።» እጄን ያዘኝ። «ናፍቀሽኛል። ተመለሺልኝ። ያላንቺ ሰው አልሆንኩም።»

እነዚያን ዓይኖች አሁንም እወዳቸዋለሁ፤ አልዋሽም። ግን የሚለምነው እኔን ይሁን መልሱን መለየት አቃተኝ። ለማወቅ አንድ መንገድ ብቻ ነበረኝ።

ከቦርሳዬ አንዲት ሬዚስተር፣ የኤሌክትሪክ ፍሰት የምትመጥን ቅንጣት፣ አወጣሁና መዳፉ ላይ አኖርኩ። ያኔ ከኪል ይዤለት የመጣሁት፣ ከዚያ ወዲህ ከቦርሳዬ ያልወጣች ስጦታ ነበረች።

«ከሁለቱ ትራንዚስተሮች አጠገብ ያለውን ሬዚስተር በዚህች ለውጠው። ቅኝቱ ሙቀቱን ይቋቋማል።»

«በቃ? ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

መዳፉን ጨብጦ ሮጠ። ቆሜ ጀርባውን አየሁ። አንዴ ዞር ቢል፣ አንዴ ብቻ፣ ሁሉንም ይቅር እለው ነበር። በሩ ከኋላው ተዘጋ።

ከምሳ በኋላ ቅኝቱ ንቅንቅ አላለም። ገዢዎቹ አጨበጨቡለት።

እኔም ወደ ቢሮ ሄጄ ያን ወር ከጻፍኩት ሁሉ አጭር የሆነውን አስተያየት ጻፍኩ፦ «ይህን ሞጁል መገምገም ለእኔ አይገባም። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የተጠራጠረ ማዞሪያውን በግራ እጁ ይያዘው።»