የመዝጊያው ጨዋታ ዋንጫ

ኢንስፔክተር ጃሙና በታንሴን ከተማ ዳርቻ ወዳለው ቤት ስትደርስ፣ ቱልቢር አሌ በካርታው ምንጣፍ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ዕለቱ ሰው ሁሉ ካርታ የሚጫወትበት የቲሃር በዓል፣ ሰዓቱም ከቀትር በኋላ ነው።

እንደየዓመቱ ልማዳቸው ሦስት ሆነው፣ ለየራሳቸው ሦስት ሦስት ካርታ እየያዙ ሲጫወቱ አርፍደዋል፤ ሟቹ፣ ታላቅ እህቱ ዲልማያና ጎረቤታቸው ሾፌሩ ኦምራጅ። የመዝጊያውን ጨዋታ ያሸነፈ፣ መሃል የተቀመጠውን አንድ ዋንጫ የዳጉሳ አረቄ ይጠጣል። ሌሎቹ ካርታቸውን ከጣሉ ባዶ እጅ የያዘም ያሸንፋል። ቱልቢር አሸነፈና ጠጣ። ብዙም ሳይቆይ እያቃሰተ ወደቀ። ዋንጫው ውስጥ ከቀረው አተላ የነቀዝ መርዝ ተገኘ።

አረቄውን ያወጣችውም የቀዳችውም ሚስቱ ከሳሪ ስለነበረች፣ መንደሩ ሬሳው ሳይነሳ ፈረደባት። እሷ ግን «ማን እንደሚያሸንፍ እኔ በምን አውቄ?» አለች።

ይህች ቃል ጃሙናን አሳሰበቻት። ካርታዎቹ እንደተጣሉ ነበሩ፤ አንድ በአንድ ገለበጠቻቸው። ከዚያ ኦምራጅን ለብቻው ጠየቀችው። ከምሳ በኋላ ሌሎቹ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲነሱ ዲልማያ ከተቀዳው ዋንጫ ጋር ምንጣፉ ላይ ብቻዋን መቅረቷን፣ በመጨረሻው ጨዋታ እሱ ካርታውን ጥሎ ቶሎ ከጨዋታው እንደወጣና እህትና ወንድም ብቻ እንደቀሩ ነገራት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከማሌዥያ የተመለሰ ሰው ዲልማያ ቤት አድሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እህል ባፏ አልዞረም። ልጇ ወደዚያው ከሄደ ስምንት ዓመቱ ነው። ማንበብ ስለማትችል ደብዳቤውን የሚያነብላት ወንድሟ ነበር።

ጃሙና ሁሉንም በምንጣፉ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«ቱልቢር የያዘው አራት፣ ሰባትና ዘጠኝ ነው፤ ባዶ እጅ። እትዬ ዲልማያ፣ እርስዎ የጣሉት ሦስት ንግሥት ነው። ከዚያ የሚበልጥ ሁለት እጅ ብቻ ነው ያለው።»

«ፈራሁት» አለች ዲልማያ።

ኦምራጅ ቀና አለ። «ኧረ እትዬ፣ በባዶ ሲያስፈራራ ጆሮው ይቀላል እያሉ ሲስቁበት አልነበር? አንድ ቀን ሳያስገልጡት ቀርተው ያውቃሉ?»

ጃሙና ነገሩን በዝግታ ዘረዘረችው። ዋንጫው የአሸናፊው ስለሆነ ከሳሪ መርዙን ብትጨምር ማንን እንደምትገድል አታውቅም። ኦምራጅ ከወጣ በኋላ ግን አሸናፊውን መምረጥ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ዲልማያ «አሳየኝ» ብትል ዋንጫው የራሷ ይሆናል። ስለዚህ የሚያሸንፍ ካርታ ይዛ ጣለች። ኦምራጅ አሸንፎ ቢሆን ኖሮ፣ ምንጣፉ ላይ ለተቀመጠችው ለእሷ ዋንጫውን በክንዷ መድፋት ይበቃት ነበር።

ዲልማያ የጣለቻቸውን ሦስት ካርታዎች ሰበሰበች። ከዚያ ልጇ በሄደ በአራተኛው ወር ከሕንፃ ወድቆ መሞቱን ከማሌዥያ የመጣው እንግዳ እንደነገራት ተናገረች። መርዶው የደረሰው ለወንድሟ ነበር። የእህቱን ልጅ ወደዚያ የላከው ራሱ ስለሆነ መናገር አቃተው፤ ደብዳቤ እየፈጠረ ስምንት ዓመት አነበበላት።

«በካርታ ጆሮውን አይቼ አውቀዋለሁ» አለች። «ደብዳቤ ሲያነብልኝ ግን ጆሮውን አላየሁም። ማየት አልፈለግኩም።»

ፖሊሶቹ ሊወስዷት ሲነሱ የሐዘን ነጭ ልብስ ለመነች፤ እንደ አገሩ ልማድ አሥራ ሦስቱን ቀን ሐዘን መቀመጥ ትፈልጋለች። ኦምራጅ፣ ራስዎ ለገደሉት ወንድም ነው ወይ አላት።

«ለልጄ ነው። አልተለቀሰለትም።»

 ከሳሪ ብቻ ተነሳች። ለራሷ ሐዘን ከሳጥን ያወጣችውን ነጭ ጨርቅ በጥርሷ ይዛ ለሁለት ቀደደችውና፣ የዲልማያን ፊት ሳታይ ግማሹን ጭኗ ላይ አኖረችላት።